ስም ሰውሮ ስለሚልክ የኢሜይል ፕሮግራም፤ ከአምባ ጊዮርጊስ አንጻር የቀረበ ሂስ

የላኪውን ስምና አድራሻ ሰውረው ኢሜይል የሚያደርሱ ፕሮግራሞች ከተሠሩ እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጻፈው ሂስ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ምሥጠራው ጽኑ ነው ወይስ ደካማ ነው እያለ የሒሳቡን ጥንካሬ ይመረምራል። ሁለተኛው ደግሞ ለደጉ ሰው ይጠቅማሉ ወይስ ለክፉው ያገለግላሉ እያለ በሥነ ምግባር በኩል ይከራከራል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ይኸውም ላኪው ሲልክ የት ቦታ ተቀምጦ ነው የሚለው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሞቹን የምንመዝናቸው ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከወገራዋ ከተማ ከአምባ ጊዮርጊስ ሆነን ነው። በበርሊን ወይም በቦስተን የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ በአምባ ጊዮርጊስም እንዲሁ ይሠራል ማለት አይቻልምና። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩ ለጨዋታ ያህል የተነሣ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናስቀድም። ለገበሬው የመጣ ማዳበሪያ በሌሊት ከመጋዘን ወጥቶ ለነጋዴ ሲሸጥ ያየ አንድ የመጋዘን ጸሐፊ አለ እንበል። ይህ ሰው ዝም ቢል ገብሱና ስንዴው ያለ ማዳበሪያ ሊቀር ነው፤ ቢናገር ደግሞ እንጀራው ይቋረጣል፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ ያገኘዋል። ጠቋሚዎችንና የወንጀል ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ይሁን እንጂ ጥበቃውን ለማግኘት አስቀድሞ ራስን መግለጥ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊያችን የሚፈራው ደግሞ ያንኑ መገለጥ ነው። ስለዚህ ጐረቤቱ የሆነ አንድ ተማሪ «ስምህን የሚሰውር ፕሮግራም አለ» ቢለው ጆሮውን ይሰጣል። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይህ ሰው ፕሮግራሙን ይመነው ወይስ አይመነው?

ኢሜይል ከወረቀት ደብዳቤ ይልቅ ወሬኛ ነው። የወረቀት ደብዳቤ ከቴምብሩና ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በቀር ስለ መንገዱ የሚናገረው ነገር የለም። በኢሜይል ግን መልእክቱን የተቀበለ እያንዳንዱ ሰርቨር ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደተቀበለና በስንት ሰዓት እንደተቀበለ የሚገልጥ መሥመር በመልእክቱ አናት ላይ ይጽፋል። ተራ አንባቢ ይህን መሥመር አያየውም፤ ሊያየው የፈለገ ሰው ግን በቀላሉ ይከፍተዋል። በድረ ገጽ በኩል የሚሠሩት ታላላቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች የላኪውን አድራሻ ለተቀባዩ አያሳዩ ይሆናል፤ ለራሳቸው ግን መዝግበው ያስቀምጣሉ። እንግዲህ ስም ሰዋሪ ፕሮግራሞች የተነሡት ይህን ወሬኛ አፍ ለመዝጋት ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ በአንድ ታማኝ ሰው ላይ መደገፍ ነበር። በ1985 ዓ.ም. በፊንላንድ አገር ዩልፍ ሔልሲንጊየስ የተባሉ ሰው «አኖን ፔኔት» የሚባል አገልግሎት አቋቋሙ። መልእክቱ ወደ እርሳቸው ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ የላኪውን ስም አውጥቶ በምትኩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለተቀባዩ ያስተላልፋል። መልስ ሲመጣ ወደ ትክክለኛው ሰው ይደርስ ዘንድ ግን ስምና ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ መኖር ነበረበት። በ1987 ዓ.ም. የሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን ለፖሊስ ባቀረበችው አቤቱታ መሠረት የአንድ ተጠቃሚ ስም ከዚህ መዝገብ ወጥቶ ተሰጠ። በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ሔልሲንጊየስ አገልግሎቱን ዘጉት። ሰውየው ቅን ሰው ነበሩ፤ ጉድለቱ የመዝገቡ መኖር ነው። ይህ ጉዳይ ያረጀ ነው የሚል ቢኖር፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ፕሮቶን ሜይል የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት በአገሩ ባለሥልጣኖች ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የኢንተርኔት አድራሻ መዝግቦ ማስረከቡን ያስታውስ። ደብዳቤው በምሥጠራ ተቈልፎ ሳለ ደብዳቤ ጸሐፊው ተገኘ።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። ዴቪድ ቻውም የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ መልእክቱን በአንድ ሰው እጅ ማሳለፍ ቀርቶ በብዙ ጣቢያዎች ላይ ማሳለፍ እንደሚቻል አሳዩ። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚያውቀው ከማን እንደተቀበለና ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ነው፤ ሙሉውን መንገድ የሚያውቅ ጣቢያ የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ብልኀት ግን ሌላ ነው። ጣቢያው መልእክቱን እንደደረሰው ወዲያው አያስተላልፍም፤ ብዙ መልእክቶች እስኪጠራቀሙ ይጠብቃል፣ ሁሉንም በመጠን እኩል ያደርጋል፣ ቀላቅሎም በአንድ ጊዜ ይለቃቸዋል። ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው መቶ መልእክት ሲገባና መቶ መልእክት ሲወጣ ያያል እንጂ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ የወጣው ሚክስማስተር የተባለው ፕሮግራም በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ልማድ ማንሣት ነገሩን ያቀልልናል። በአሁኑ ዘመን ከሽማግሌዎች አፍ በቀር ብዙም የማይሰማው አውጫጭኝ፣ በሸዋ በኩል አፈርሳታ የሚባለው፣ ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ወይም ቤት አቃጣዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩን ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጡበት ሥርዓት ነበር። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምሥጢር ይነግራል፤ የተናጋሪው ስም ግን አይጠራም፤ የተናገረው ወፍ ነው ይባላል። ዛሬ «ወፍ ነገረኝ» እያልን የምንቀልድበት አነጋገር በዚያ ሸንጎ ላይ ቀልድ አልነበረም። ልብ በሉ፤ ወፉን የሚሰውረው የሽማግሌዎቹ አፍ መታሰር ብቻ አይደለም። ከዚያ ይልቅ ምንም የማያውቀውም ሰው ጭምር ተገድዶ እዚያ መገኘቱ ነው። የመጣው የሚያውቀው ብቻ ቢሆን ኖሮ መምጣቱ ራሱ ስሙን በነገረ ነበር። የቻውም ጣቢያ መቶውን መልእክት የሚያጠራቅመው ስለዚሁ ምክንያት ነው። አውጫጭኝን ለማመስገን ይህን አላነሣንም። ገበሬውን ከእርሻው አስቀርቶ ለቀናት ያጉላላ እንደነበር፣ ወፉም በጠላቱ ላይ በሐሰት ሊናገር ይችል እንደነበር የታወቀ ነው። የአሠራሩ ብልኀት ግን ብልኀት ነው።

የሚክስማስተርን ውድቀት ያስከተለውም የዚህ መጓደል ይመስለናል። ፕሮግራሙ ለመማር ከባድ ነበር፤ መልእክቱም ሰዓታት ይዘገያል። ስለዚህ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ሆኑ፤ ጥቂቶች በመሆናቸውም መሰወሪያነቱ ቀነሰ። በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ የተለቀቀው ቶር በተቃራኒው ፍጥነትን መረጠ። ቶር የተጠነሰሰው በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ባሕር ኃይል የሠራውን መሣሪያ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ በነጻ መስጠቱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። የባሕር ኃይል ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ቢሆን ከዚያ የሚወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ሥራ ፈቱም እንዲገባበት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቶር ለፍጥነት ሲል ማጠራቀሙንና መቀላቀሉን ትቷል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱን ሊያገናኝ ይችላል።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነገር ከብዙ ትንታኔ ይበልጣል። አንድ ተማሪ ፈተናውን ለማስቀረት ብሎ በሕንጻዎች ውስጥ ቦምብ ተቀምጧል የሚል የሐሰት ኢሜይል ላከ። በቶር ገባ፣ ገሪላ ሜይል በሚባል የአንድ ጊዜ አድራሻ ላከ። የቶር ምሥጠራ አልተሰበረም፤ ገሪላ ሜይልም ስሙን አያውቅም ነበር። ነገር ግን የተጠቀመው በዩኒቨርሲቲው ገመድ አልባ ኔትዎርክ ነበርና፣ መርማሪዎቹ በዚያ ሰዓት ከግቢው ውስጥ ወደ ቶር የገባው ማን ነው ብለው መዝገብ ገለጡ፤ ሄደው ጠየቁት፤ አመነ። ተማሪው ያደረገው ክፉ ሥራ ነው፤ መያዙም መልካም ነው። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው። በዚያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ ቶርን መጠቀም ሰውን ከብዙው ለይቶ ካሳየ፣ በአምባ ጊዮርጊስ እንዴት ይሆናል?

የማዳበሪያው ጸሐፊ ከማታው በሁለት ሰዓት ቶርን ከፍቶ ደብዳቤውን ላከ እንበል። የስልክ መስመሩን ሲያወጣ መታወቂያ አሳይቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው ማን ከየት ጋር በስንት ሰዓት እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል። የደብዳቤው ቃል በመዝገቡ ውስጥ አይኖርም፤ ወደ ቶር መግባቱ ግን ሊኖር ይችላል። በዚያ ምሽት በዚያች ከተማ ወደ ቶር የገቡት ሦስት መቶ ሰዎች ቢሆኑ መዝገቡ ከንቱ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን መዝገቡ ስም ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ፊርማ ይሆናል። በርሊን ላይ መጋረጃ የሆነው ጨርቅ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ባንዲራ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አብዛኞቹ የቶር መውጫ ጣቢያዎች ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበትን በር፣ ቆሻሻ ደብዳቤ እንዳይበዛ ሲሉ፣ ዘግተውታል። ስለዚህ ላኪው በድረ ገጽ በኩል የሚሠራ የኢሜይል አድራሻ ማውጣት አለበት። ታላላቆቹ ድርጅቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ አድራሻ ሲወጣ የስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ። የስልኩ ቁጥር ከመታወቂያው ጋር የታሰረ ነው። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ ወደ ጸሐፊው ደጃፍ ይመለሳል። ስለ ፕሮግራሞቹ የተዘጋጁት መምሪያዎች ይህን ቢያነሡም እንደ ቀላል እንቅፋት አድርገው ያልፉታል፤ ሌላ ስልክ ግዛ፣ ወደ ሌላ ካፌ ሂድ ይላሉ። ምክሩ የተጻፈው ካፌ ለሞላበት ከተማ ነው። በአገራችን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ገደማ የኢንተርኔት ካፌዎች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ ታዘው ነበር። በትንሽ ከተማ ግን መዝገብም አያስፈልግም፤ ባለ ካፌው የሚገባውን ሰው ከነአባቱ ያውቀዋል።

መሣሪያው ራሱ ምልክት መሆኑ በኢትዮጵያ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. አገሪቱ በአንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ በምትገለገልበት ጊዜ ቶር በኢትዮጵያ ተዘጋ፤ የተዘጋውም በኔትዎርኩ ላይ የሚያልፈውን መረጃ ውስጡን እየመረመረ የቶርን የሰላምታ አኳኋን በሚለይ ዘዴ ነበር። መልኩን ለውጦ የሚያሳልፍ ተጨማሪ ፕሮግራም ያኔውኑ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱን አግኝቶ የሚያስገባ ሰው ከጥቂቶቹም ጥቂቱ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ በመባል የሚታወቁት ስድስት ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው የራስ መጠበቂያ መምሪያ መሠልጠናቸው ነበር። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ፤ በእስር የቀሩት አራቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ነጻ መባላቸው ደስ ያሰኛል፤ ግን ቍልፍ መግዛት የሌብነት ምስክር ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ ሲያሳስር መታየቱን የመጋዘኑ ጸሐፊ አይዘነጋውም። የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ባወጣቸው ዘገባዎች የተገለጡትን፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብተው የሚሰልሉ ፕሮግራሞች እናልፋቸዋለን። እነርሱ ባሉበት ገና ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ስለሚነበብ ስም መሰወር ትርጕም የለውም።

አሁን ደግሞ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ፈጽሞ ሊያስቡት ወደማይችሉት፣ ለእኛ ግን ቅርብ ወደሆነው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ፊደላችን ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንድን ቃል በአብዛኛው በአንድ መንገድ ይጽፋል። አማርኛ የሚጽፍ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን በየቃሉ መምረጥ አለበት። በቤተ ክህነት የተማረ ሰው ኀይል፣ ዐይን፣ ንጉሥ እያለ ይጽፋል፤ ሌላው ሀይል፣ አይን፣ ንጉስ ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን እየቀላቀለ ይጽፋል፤ የመቀላቀሉም አኳኋን ከሰው ሰው ይለያያል። በእጅ የተጻፈ ሰነድ በየቀኑ ከሚፈርምበት መዝገብ ጋር ቢተያይ፣ የፊደል አመራረጡ ብቻ ሰውየውን ለማወቅ ሊበቃ ይችላል። በዚህ ላይ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት የሚጽፍ አለ፤ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት የሚጽፍም አለ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ላኪው አንቱ ብሎ ከጀመረ የሰሜን ሰው፣ ምናልባትም ለተቀባዩ ቅርበት ያለው ሰው መሆኑ ይገመታል፤ እርስዎ ካለ ደግሞ ግምቱ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ቶር ይህን ሁሉ እንዳለ ያስተላልፋል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍን በመመርመር ጸሐፊን የመለየት ጥናት ከቆየ ሰንብቷል፤ በአማርኛ ለዚህ የሚሆነው መረጃ እጅግ የበለጸገ መሆኑን ለቋንቋ ክፍል ባልደረቦቻችን ማሳሰብ እንወዳለን።

ከፊደሉም በላይ የደብዳቤው ፍሬ ነገር አለ። ማዳበሪያው በየትኛው ሌሊት እንደወጣ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ደብዳቤው በነፋስ ተጭኖ ቢመጣ እንኳ የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሌባው ነው፤ ሌባው ደግሞ እንዳልጻፈ ራሱን ያውቃል። ቀሩ ሁለት።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ፕሮግራሞቹ ከንቱ ናቸው ወደሚለው አሳብ አንሄድም። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ በተቀጡት የዛቻና የስም ማጥፋት ደብዳቤዎች እያመካኘ ስም መሰወርን በሙሉ የሚያወግዝ ሰው አለ፤ እርሱም ተሳስቷል እንላለን። የመጋዘኑ ጸሐፊ በስሙ ብቻ እንዲናገር ማስገደድ ዝም እንዲል ማዘዝ ነው። የእኛ ነቀፌታ ፕሮግራሞቹ የብቸኛ ሰው መሣሪያ ሆነው መቅረባቸው ላይ ነው። በገጻቸው ላይ «ስምህን እንሰውራለን» ይላሉ፤ እውነቱ ግን ሰውን የሚሰውረው ሌላ ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያደርገው ከሰዎቹ ጋር መቀላቀል ብቻ ነው። የሚቀላቀልበት ሕዝብ በሌለበት ምሥጠራው ቢረቅም ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ማሻሻያው መምጣት ያለበት ከላኪው በኩል ሳይሆን ከተቀባዩ በኩል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በዘበኛው ፊት ለፊት ወይም በኃላፊው በር አጠገብ ነው። ወደ ሣጥኑ የቀረበ ሰው ምን እንደጻፈ ባይታወቅም መጻፉ ይታወቃል። የሣጥኑ ጕድለትና የቶር ጕድለት አንድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በሙሉ በወሩ መጨረሻ አንድ ዓይነት የታተመ ቅጽ፣ የሚናገሩት ቢኖርም ባይኖርም፣ በተመሳሳይ ፖስታ አሽገው እንዲያስገቡ ቢያደርግ ግን ባዶው ወረቀት የተጻፈበትን ይሰውረዋል። ቅጹ በምርጫ ላይ ምልክት የሚደረግበት ቢሆን የፊደሉም ጣጣ ይቀንሳል። በኢሜይልም ቢሆን እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ የሁሉም ሠራተኛ ስልክ በየወሩ አንድ እኩል መጠን ያለው የተቈለፈ መልእክት፣ ባዶም ቢሆን፣ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲልክ ማድረግ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም።

በወረቀትና በስልክ መካከል ምረጡ ብንባል ለአምባ ጊዮርጊስ ወረቀቱን እንመርጣለን። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ በቶርም ሆነ በሌላ የሚላክ ኢሜይል አልነበረም፤ ፖስታ ግን በሰው እጅ ጎንደር ይደርሳል። የሦስቱ ሰዎች ጥርጣሬ ግን በወረቀትም አይፈታም። ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ደብዳቤው እንደደረሰው በቀጥታ ወደዚያ መጋዘን መርማሪ አለመላኩ ነው፤ በወረዳው ያሉትን መጋዘኖች ሁሉ በተራ ሒሳባቸውን እያስቆጠረ፣ የተጠቆመውን በመካከል ማስገባት አለበት።